የአያትዎ ጠመንጃ አፉ ለምን ሰፋ? አዳኞችስ ለምን አይረሱትም?

ጥያቄው የደረሰኝ እዚሁ ጅማ፣ ሔርማታ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «አያቴ የቡና ነጋዴ ነበሩ። ሲያርፉ ትልቅ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ትተውልን ሄዱ። መዶሻዎቹ ውጭ ናቸው። አፈሙዙ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ያለ ጌጥ ይታያል። አፉን በማስመሪያ ብለካው 20 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። የሰደፉ አንገት በናስ ሽቦ ታስሯል። ፈቃዱ በአባቴ ስም ታድሶ መሣሪያው ቤታችን አለ። አንድ የማውቀው አዳኝ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዘመናዊ መሣሪያ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ከባድና ያረጀ ጠመንጃ ምን ብሎ ይመኛል? እኛስ ብንተኩስበት?»

በቅድሚያ ለሁለተኛው ልመልስ፤ ጣት የሚያሳጣው እሱ ነውና። አይተኩሱበት። ተለክቶና ተመርምሮ እስኪያበቃ ድረስ አንድም ጥይት አያጉርሱት። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል የአደን መሣሪያ ስጠግን የኖርኩበትን ነገር የሚነካ ስለሆነ በእሱ ላይ ልቆይ።

የእነዚህ ጠመንጃዎች አፍ የሚጠራበት ቁጥር ብዙ ሰው ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋልና። ነገሩ የመጣው ከድሮ የእርሳስ ሚዛን ነው። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም ከ453.6 ግራም፣ እኩል የሆኑ 12 ድቡልቡል አረሮች ቢሠሩ የአንዱ ውፍረት 18.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ያ አረር ልክክ ብሎ የሚያልፍበት አፈሙዝ 12 ቁጥር ተባለ። ያው እርሳስ ለ10 ሲካፈል 19.7፣ ለ8 ሲካፈል 21.2 ሚሊሜትር ይመጣል። 4 ቁጥር ላይ ሲደርስ አንዱ አረር ብቻውን 113 ግራም ይመዝናል፤ ውፍረቱም ወደ 26.7 ሚሊሜትር ይጠጋል። ዛሬ በየቦታው የምናየው 12 ቁጥር ነው። የእርስዎ 10 ቁጥር እንደሚሆን እገምታለሁ። ነገር ግን በማስመሪያ የለኩት ጫፉን ነው፤ ጫፉ ሆን ተብሎ ጠብቦ የተሠራ ከሆነ ውስጡ ከዚያም ሊሰፋ ይችላል።

አፉ የሰፋው ለጉራ አልነበረም። በጥቁር ባሩድ ዘመን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። ጥቁር ባሩድን ከተወሰነ ልክ በላይ ቢጨምሩት ጭሱና ርግጫው ይብሳል እንጂ አረሩ የዚያን ያህል አይፈጥንም። ኃይል ፈልጎ ፍጥነት መጨመር ያልቻለ ሰው ክብደት ይጨምራል፤ ክብደት ለመጨመር ደግሞ አፍ ማስፋት ግድ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሴሉስ በ1870ዎቹ መጀመሪያ (ከአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በደቡባዊ አፍሪካ ዝሆን ሲያድን የያዘው ውስጡ ጥርስ የሌለው ልሙጥ 4 ቁጥር ነበር። ባሩዱን ከቆዳ ከረጢት በእጁ እየዘገነ በአፈሙዙ ይጨምር ነበር፤ ለአንድ ተኩስ 35 ግራም ገደማ ማለት ነው። በዚያ ጠመንጃ ብዙ ዝሆን ጥሏል፤ በኋላ ግን ርግጫው ነርቩን እንደጎዳው ተናግሮ በመጠቀሙ ተጸጽቷል። ወደ እኛ አገር ስንቀርብ፣ እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በ1862 በአትባራና በተከዜ ዳርቻ ሲያድን ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተፋ ጠመንጃ ይዞ ነበር። አብረውት የነበሩት ዓረቦች «የመድፍ ልጅ» ብለው ሰየሙት። ቤከር ራሱ ሲተኩሰው እያሽከረከረ ያዞረው ስለነበር በጣም ካልቸገረው አይነካውም ነበር።

በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያስገኝ የእነዚህ የዝሆን ጠመንጃዎች ዘመን ማብቃት ጀመረ። ቀጭን ጥይት በከፍተኛ ፍጥነት ተልኮ ወፍራሙ አረር የሚሠራውን መሥራት ቻለ። የወፍ ጠመንጃ ነገር ግን ለየት ይላል፤ እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ይሳሳታሉና ልብ ይበሉልኝ።

«አፉ ሰፊ ስለሆነ ፍሬውን በሰፊው ይበትናል» ሲባል ያልሰማሁበት የአደን ጨዋታ የለም። ትክክል አይደለም። የእርሳሱን ፍሬ፣ ማለትም በአንድ ጥይት ውስጥ የታጨቁትን ጥቃቅን ድቡልቡል እርሳሶች፣ የሚበትነው ወይም የሚሰበስበው ቾክ የሚባለው የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ነው። በ36.5 ሜትር ርቀት 76 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ክብ ወረቀት ላይ ቢተኩሱ፣ ጫፉ በሙሉ ልክ የጠበበ አፈሙዝ ከፍሬው 70 ከመቶ ገደማውን ክቡ ውስጥ ያስቀምጣል። ጫፉ ያልጠበበው 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ያስቀምጣል። 12 ቁጥርም ሆነ 10 ቁጥር ልኩ ይኸው ነው።

የሰፊው አፍ ጥቅም ሌላ ነው። አንደኛ ብዙ ፍሬ ይይዛል። ሁለተኛውና እኔ የምወደው ግን ፍሬውን አይጎዳውም። እሸት ቡና በረጅምና ጠባብ ቅርጫት ሲጠራቀም ከሥር ያለው ይጨፈለቃል፤ ሰፌድ ላይ ሲሆን ግን ፍሬው ሁሉ እንደተለቀመ ይቆያል። የእርሳስ ፍሬም እንደዚያው ነው። እኩል ክብደት ያለው ፍሬ በጠባብ አፈሙዝ ውስጥ ረጅም ዓምድ ይሆናል። ባሩዱ ከኋላ ሲገፋው የታችኛው ይጨፈለቃል፣ የዳር ዳሩ ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። ቅርጹ የተበላሸ ፍሬ ቀጥ ብሎ አይበርም፤ ወደ ጎን ይወጣል ወይም ወደ ኋላ ይቀራል። በሰፊው አፈሙዝ ውስጥ ዓምዱ አጭር ስለሆነ ፍሬው ድቡልቡል እንደሆነ ይወጣል፤ ወፉ ዘንድም ሰብሰብ ብሎ ይደርሳል። ድሮ የተፈተነ 10 ቁጥር ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን ፍሬ ያየ ሰው እኩልነቱን አይረሳውም።

ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ክብደት ነው። የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ዊሊያም ግሪነር ያስቀመጠው የ96 ደንብ አለ፤ ጠመንጃው ከሚተኩሰው ፍሬ ቢያንስ 96 እጥፍ ይመዝን፣ አለዚያ ተኳሹን ይጎዳል ይላል። 32 ግራም ለሚተኩስ 12 ቁጥር 3 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። 57 ግራም ለሚተኩስ 8 ቁጥር ግን 5 ኪሎ ግራም ከግማሽ ያስፈልጋል። ይህን ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ወፍ ፍለጋ ከወፍ ወፍ አይሮጥም። ቦታ መርጦ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ከባድ ጠመንጃ ከሚበር ወፍ ጋር አንዴ መዞር ከጀመረ አይንቀጠቀጥም፣ መሀል ላይም አይቆምም። ቀላል ጠመንጃ ይዘው ወፍ ኋላ ኋላ የሚተኩሱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ከባዱን ሲይዙ ራሱ ጠመንጃው እየጎተተ ከወፉ ፊት ያደርሳቸዋል።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ አዳኝ ኮሮጆ ተሸካሚ አድርገውኝ ወደ ጎጀብ ቆላ ወረድን። የያዙት 10 ቁጥር ነበር። ጥይቱን ማታ በፋኖስ ብርሃን ራሳቸው ናቸው የሞሉት፤ በናስ ቀለህ ጥቁር ባሩድ፣ ከላዩ ከአሮጌ ባርኔጣ የተቆረጠ የሱፍ ክብ፣ ከዚያ ፍሬው፣ ከዚያ ወረቀት። ጠዋት ጅግራዎቹ ከቁጥቋጦው ወጥተው መሬቱን እየጫሩ ወደ እኛ መጡ። እኔ «አሁን! አሁን!» እያልኩ በውስጤ እጮኻለሁ፤ እሳቸው ግን መዶሻውን እንኳ አላነሱም። አርባ እርምጃ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የቀኙን መዶሻ ጎተት አደረጉት። ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጅግራዎቹ ድምፁን ሰምተው ብድግ አሉ።

ድምፁ የክላሽ ድምፅ አይደለም። አይሰነጥቅም። ከሆድ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ በደረት ነው የሚሰማው። ነጩ ጭስ ፊታችን ላይ እንደ ነጠላ ተዘረጋ፤ ነፋስ ስላልነበረ አልሄድ አለ። ወፍ ይውደቅ አይውደቅ አላየንም። የድኝ ሽታ ብቻ ነበር። እሳቸው ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ተራምደው ጎንበስ አሉና «ምን ትቆማለህ፣ ሩጥ!» አሉኝ። ቢላዋ ይዤ ሮጥኩ። ነፍሱ ሳትወጣ ያልታረደ ወፍ በክት ነውና። ከዴዶ አብረውን የመጡት ሙስሊም ጓደኛቸውም በሌላ በኩል ቢላዋ ይዘው ሮጡ። ቀድመው ተነጋግረው ነበር፤ የመጀመሪያው ለአንዱ፣ ሁለተኛው ለሌላው፣ ያም በየእምነቱ ይባረካል። ጅማ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ስምምነት ያውቀዋል።

ሲመለሱ አዲሱን ባለ አምስት ጎራሽ ለምን እንደማይዙ ጠየቅኳቸው። «ያኛው ሩቅ ያደርስልኛል። ይኼኛው ግን ቅርብ ያስሄደኛል» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ አዳኞች ለምን ትልቁን አሮጌ ጠመንጃ እንደሚወዱ ስጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሁለት ጥይት ብቻ አለዎት። መዶሻውን በእጅዎ ካላነሱት አይተኩስም። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ጭሱ ዓይንዎን ይጋርደዋል። ስለዚህ ቅርብ መድረስ፣ ወፉን ማወቅ፣ ነፋሱን ማየት፣ ማድፈጥ ግድ ይሆናል። አደን የሚባለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ70 ሜትር ላይ ጥይት እየረጩ ወፍ ማቁሰልን አደን ብዬ ልጠራው አልችልም።

ዛሬ ትልቁን ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ግን ግድ ሆኖበት አይደለም፤ ለሥራ ተብሎ የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ ፍቅር መሆኑን አናውቅም ነበር። በአሜሪካ ከ1918 ሕግ ወዲህ ተሻጋሪ ወፎችን ከ10 ቁጥር በሰፋ ጠመንጃ ማደን ክልክል ሆነ፤ ቀድሞ በ8 እና በ4 ቁጥር በገፍ እየተገደሉ ገበያ ይወጡ ስለነበር ክልከላው ተገቢ ነበር። በእንግሊዝ የ1954ቱ ሕግ የከለከለው ጫፉ ከ44 ሚሊሜትር በላይ የሰፋውን የጀልባ ላይ መድፍ መሰል ጠመንጃ ብቻ ስለሆነ 8 ቁጥር እስከ ዛሬ በባሕር ዳር ረግረጎች ዝይ ይታደንበታል። 10 ቁጥርም በ1932 ባለ 89 ሚሊሜትር ጥይት ወጥቶለት እንደገና ነፍስ ዘርቶ ነበር። በ1988 ግን ያው ርዝመት ለ12 ቁጥር ሲሠራ ትልቁን መሸከም አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ 10 እና 8 ቁጥር የሚይዝ ሰው ወዶ ነው የሚይዘው። በእኛ አገር ደግሞ መጀመሪያውኑ ዳክዬና ዝይ የሚበላ ሰው ብዙ ስላልሆነ ሰፊው አፍ የተፈለገው ለጅግራ፣ ለቆቅና በቆሎ ለሚያወድም ከርከሮ ነበር። በፉከራውና በቀረርቶው ምንሽሩና ለበኑ በስም ይነሳሉ፤ ባለ ሁለት አፉ ግን ማንም ሳይፎክርበት ማሳ ሲጠብቅ የኖረ መሣሪያ ነው። እኔ በበኩሌ ስለዚህም እወደዋለሁ።

አሁን አፈሙዙ ላይ ስላዩት የውሃ ሞገድ። ያ ሥዕል አይደለም፤ የብረቱ የራሱ አካል ነው። ደማስቆ ይባላል። ብረትና ስቲል በየተራ ተደርድረው በእሳት ይጣበቃሉ፣ እንደ ገመድ ይገመዳሉ፣ ከዚያ በዘንግ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥመው በመዶሻ እየተቀጠቀጡ ቱቦ ይሆናሉ። በመጨረሻ አሲድ ሲነካው ብረቱና ስቲሉ የተለያየ ቀለም ይይዙና ጌጡ ብቅ ይላል። በቤልጂግ የሊዬዥ ከተማ አካባቢ፣ በተለይ በቬስድር ሸለቆ፣ ይህን በማድረግ የሚተዳደሩ ሠሪዎች ነበሩ። ሁለት ጠመንጃ አንድ ዓይነት ሞገድ የለውም።

ውበቱ ይህ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። አፈሙዙ ከላይ እስከ ታች የእሳት ስፌት ነው። ከስፌቱ በአንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ዝቃጭ ቀርቶ ከሆነ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ ከውስጥ ይበላል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ከጅማ ብዙም በማይርቅ ወረዳ አንድ ገበሬ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ዘመናዊ ጥይት ተኩሶ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጥቷል። ጠመንጃውን ለምርመራ ሲያመጡልኝ የግራው አፈሙዝ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በሞገዱ መስመር ተከትሎ ተተርትሯል። ልብስ በስፌቱ ሲተረተር እንዳለ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ችግር ተኩሶበት ነበር፤ በአሥራ ሦስተኛው ነው የሆነው። «ስንት ጊዜ ተኩሼበት ምንም አልሆነም» የሚሉ ሰዎችን የማልሰማቸው ለዚህ ነው።

ሌላው ወጥመድ የጥይቱ ርዝመት ነው። የድሮ 12 ቁጥር መጉረሻ፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበት የአፈሙዙ ሥር፣ ብዙውን ጊዜ 65 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬ ጥይት ግን 70። «ካልገባ አይገባም» እንዳይሉ፣ ይገባል! 70 ሚሊሜትር የሚባለው ከተተኮሰ በኋላ ጫፉ ሲዘረጋ ያለው ርዝመት ነው። ሳይተኮስ ጫፉ የታጠፈ ስለሆነ አጭር ነው፤ አጭሩ መጉረሻ ውስጥ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው ጫፍ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ የአፈሙዙን ጉሮሮ ያንቃል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። በ10 ቁጥርም የመጉረሻው ርዝመት የተለያየ ስለሆነ ሳይለካ መገመት አይቻልም።

ማኅተሞቹን ይፈልጉ። አፈሙዙን ከሰደፉ ሲያላቅቁት ከሥሩ፣ መጉረሻው አካባቢ፣ ጥቃቅን ምልክቶች ተመትተው ያገኛሉ። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና ኮከብ ካሉ ጠመንጃው በሊዬዥ መፈተሻ ቤት ያለፈ ነው፤ ቤቱ ከ1672 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ከእነዚያ ጋር አንበሳና ከሥሩ ፒ ቪ የሚሉ ፊደላት ካሉ በጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። ከሌሉ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ብቻ ነው ብለው ይያዙት። የእንግሊዝ ሥራ ከሆነ ደግሞ የለንደን ወይም የበርሚንግሃም ዘውድ ያላቸው ምልክቶች ይኖሩበታል። ማኅተም ቢኖረውም እንኳ የሚናገረው በተፈተነበት ቀን ስለነበረው ጥንካሬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት እንዳለፈበት አይናገርም።

ቤትዎ ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው አፈሙዙን ያላቅቁ፣ ከሥሩ ባለው መንጠቆ በክር አንጠልጥለው በእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርገው ይምቱት። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጥርት ብሎ ከዘለቀ ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘው ብየዳ ደህና ነው። እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ከተንኳኳ ተላቅቋል። ይህ ግን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የግድግዳው ውፍረት በመሣሪያ ይለካ፤ የትኛውም ቦታ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ከቀጠነ ነገሩ አብቅቷል።

የጅማ አየር ለዚህ ብረት ምሕረት የለውም። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ነው። ሰዉ ጠመንጃውን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አስተኝቶ አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ከዚህ የከፋ የለም። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ጨውም ብረቱን ይበላዋል። ከማኅደሩ አውጥተው አፈሙዙን ወደ ታች አዙረው፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያቁሙት። የምግብ ዘይትም ሆነ ቅቤ አይቀቡት፤ ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል። ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በጨርቅ አስነክተው በሳሳው ይለፉበት። ከሁሉ በላይ አፈሙዙን በአሸዋ ወረቀት አያስፈግጉት። የአንድ መቶ ዓመት ሥራ በግማሽ ቀን ሲጠፋ አይቼ አልቅሻለሁ።

ፈቃዱ በአባትዎ ስም መታደሱ ደስ ብሎኛል፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፣ የአያት ቅርስ መሆኑም አያድንም። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ደግሞ የአደን ፈቃድ አይደለም። ለአደን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ራሱን የቻለ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦዬ ረግረግ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ግን በፈቃድም ያለ ፈቃድም አያስቧቸው። የእርሳሱ ፍሬ ውሃ ውስጥ ወድቆ ይቀራል፣ ወፎች ከጠጠር ጋር ይውጡታል፣ ተመርዘውም ይሞታሉ። አሜሪካ በ1991 በመላ አገሪቱ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን የከለከለችው ለዚህ ነው። በምትኩ የመጣው የስቲል ፍሬ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ እንደ እርስዎ ያለውን አሮጌ አፈሙዝ ይፍቀዋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የናሱ ሽቦ። የሰደፍ አንገት ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። ወይ ጠመንጃው ወድቋል፣ ወይ ልክ ያለፈ ጥይት ተተኩሶበት ርግጫው ሰንጥቆታል። ሁለተኛው ከሆነ አፈሙዙም ያንኑ ግፊት ቀምሷል ማለት ነውና የሚመረምረው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እሱን ነው። ሴት አያትዎ በሕይወት ካሉ ይጠይቁልኝ፤ ሽቦውን ማን አሰረው? መቼ? ያን ቀንስ ጠመንጃው ምን ጎርሶ ነበር? መልሱን ይዘው አፈሙዙንና ሰደፉን ለየብቻ ጠቅልለው፣ የፈቃዱን ወረቀት ጨምረው ይምጡ፤ አብረን እንለካዋለን።